ከምሳ በኋላ የተጻፈ ካርድ

ማክሰኞ፣ 3

እትዬ ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለች አልነቃችም። ሆስፒታል ነን። ስኳሯ ወርዶ ነው አሉ። ኢንሱሊኗን ተወግታ ምሳውን ቀመስ አድርጋ ትታው ነበር። ስኳር በደም ሥሯ ሰጧት፣ ቁጥሩ ተስተካከለ፣ እሷ ግን ዓይኗን አልገለጠችም። ለመተንፈሻ በአፏ ቱቦ አስገብተውላታል።

ይህን ደብተር የገዛችልኝ እሷ ናት፤ ሦስት ዓመት ሆነው። "የሰውን ቃል ሁሉ ስትፈታ ትውላለህ፣ ስለራስህ አንዲት ቃል ጻፍ እንጂ" ብላ ነው። አንድ መስመር አልጻፍኩበትም ነበር። ጠዋት ልብሷን ልወስድ ቤት ስሄድ ከመሳቢያ አወጣሁት።

ትናንት ተረኛዋ ሐኪም ደጋግማ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ነቅታ ያየኋት ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ። አስር ሰዓት ላይ ሻይ ላፍላልሽ ወይ ብያት መልሳልኛለች አልኳት። አስራ አንድ ተኩል ላይ ገብቼ ስቀሰቅሳት እምቢ አለች። ሐኪሟ ጻፈችው። አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፣ ረጅም አይደለም፣ ተስፋ አለ አለችን። ወጣት ናት፤ እጇ ፈጣን ነው።

ረቡዕ፣ 4

አልነቃችም።

የእህቴ ልጅ ከሥራ በቀጥታ መጣች፤ የደንብ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ለእትዬ አንድ ልጇ እሷ ብቻ ናት። የእናቷን እግር በሁለት እጇ ይዛ "እማዬ፣ ተነሽ፣ ፌርማታሽ አለፈ" አለቻት። ነርሷ ፊቷን አዞረች።

ወጥተን ሳለን የመኝታ ቤቱ በር ለምን ተዘግቶ እንደነበር ጠየቀችኝ። እናቷ በር ዘግታ አትተኛም። ነፋስ ይሆናል አልኳት።

ሐሙስ፣ 5

ሥራ ገባሁ። አለቃ ፈቃድ ውሰድ ብሎኝ ነበር፤ ግን ቤት ቁጭ ብዬ ምን ልሥራ?

አራት ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠን የሕክምና መዝገበ ቃላት እናዘጋጃለን፤ ዘንድሮ ስድስት ዓመታችን። እያንዳንዱ ቃል በአንድ ካርድ ላይ ይጻፋል። የአለቃ ሕጎች ሁለት ናቸው። በካርዱ የቀኝ ጥግ ቃሉ የተጻፈበት ሰዓት ይሰፍራል፤ ምክንያቱም ሰው ከበላ በኋላ ይደነዝዛል ባይ ነው፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ የተጻፈውን ሁሉ በማግስቱ ጠዋት ራሱ እንደገና ያነበዋል። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ መዝገበ ቃላት ይፈታል እንጂ አያዝዝም የሚል ነው። "ይደረግ" ወይም "አይደረግ" የሚል ካርድ ካየ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዘዋል። እኔ ጫጫታ ስለማልወድ ሰኞ ሰኞ ቤቴ ሆኜ እንድሠራ ፈቅዶልኛል።

የአ ፊደል አልቆ ወደ ከ ገብተናል። አለቃ ካርዶቹን ቆጠረና አንድ ጎደለው። ሰኞ ወደ ቤት ከወሰድኳቸው አንዱ ነው። ይገኛል አልኩት።

የት እንዳለ አውቃለሁ።

እሁድ፣ 8

ዛሬ ጠያቂ በዝቶ ወንበሬን ለቅቄ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጫለሁ። ጊዜም አለኝ።

እናታችን ስትሞት እኔ ሰባት ዓመቴ፣ እትዬ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በስፌት መኪናዋ አሳደገችኝ። የተማሪ ልብስ፣ የመጋረጃ ጠርዝ፣ የሰው ሁሉ የተቀደደ ሱሪ። መኪናው ሲንጫጫ እኔ ጆሮዬን ይዤ አነብባለሁ። ትልቅ ሰው ሆኜም አልተሻሻልኩም። ከሥራ ስመለስ ደንበኞቿን "ጸጥታ መጣ፣ እጅ ወደ ላይ!" እያለች ታስቃቸዋለች። ጸጥታ የሚለው ስም በዚያው ወጣልኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ በሱ ይጠራኛል። ለምን እንዳላገባሁ ሲጠይቋት "ሚስት ትናገራለች ብሎ ፈርቶ ነው" ትላለች።

እውነቷን ነው መሰለኝ። አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ የተመኘሁትን አገኘሁ። ትናንት ሙሉ ቀን ተቀምጬ አንዲት ካርድ አልወጣልኝም።

ያን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኾ ነበር። አንስቼው ነበር መሰለኝ። ማን እንደነበረ አላስታውስም።

ማክሰኞ፣ 10

ሐኪሟ ሁለታችንንም ጠራችን። የእትዬ ሁኔታ ከነገርናት ሰዓት ጋር አልገጥም ብሏታል። ስኳር ወርዶ አንጎል በዚህ መጠን የሚጎዳው ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል አይበቃውም። ስለዚህ ሌላ የተደበቀ ምክንያት መኖር አለበት፣ እሱን እንፈልጋለን አለች። ነገ ከጀርባዋ አከርካሪ መሃል በመርፌ ፈሳሽ ይወሰዳል።

"ሰዓቱን እርግጠኛ ነዎት?" አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። የእህቴ ልጅ አየችኝ። የሚጠጣ ውሃ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

ረቡዕ፣ 11

በጎኗ አስተኟት። ጉልበቷን ወደ ሆዷ አጠፉት። እኔ ከመጋረጃው ውጪ። መጀመሪያ አልተሳካም፣ ደገሙት። ደግመው ሦስተኛ።

ምንም አልተገኘም።

እሷ መርፌ እየወጋች ስትኖር እንኳ አንድ ቀን ጣቷን ብትወጋ "ወይኔ" ትል ነበር። ዛሬ ምንም አላለችም።

ቅዳሜ፣ 14

ሥራችን ገና ኩ ላይ ነው። ኮ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት አለው። እኔ ግን ዛሬ ተራ ጥሼ "ኮማ"ን አወጣሁ። ቢሮ ውስጥ ማንም አልነበረም።

ቃሉ የግሪኮች ነው። በጥንቱ አነጋገራቸው ከባድ እንቅልፍ ማለት ነበር፤ የበሽታ ስም ብቻ አልነበረም። ገጣሚዎቻቸው ለጣፋጭ እንቅልፍም ይሉት ነበር፤ ደክሞት ለተጋደመ ሰው። የመድኃኒት ሰዎች እየቆዩ ነው ለራሳቸው የወሰዱት፤ እነሱም ቢሆኑ ብዙ ዘመን በእንቅልፉና በበሽታው መሃል ሲያመነቱ ኖረዋል። ሥሩ ከየት እንደሆነ በእርግጥ የሚያውቅ የለም። መጋደም ከሚለው ግሳቸው ጋር ዘመድ ነው የሚሉ አሉ። ከዚያው ከመጋደም ግስ ደግሞ "የመኝታ ቦታ" የሚል ስም ወጥቶ፣ በስንት ቋንቋ ዞሮ፣ ዛሬ የመቃብር ስፍራ መጠሪያ ሆኗል። እዚህ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ደጅ ወጣሁ። ተመልሼ ደግሞ የጅራታም ኮከብን ጭጋግ አነበብኩ፤ እሱም ኮማ ይባላል፣ ግን ጸጉር ከሚል ሌላ ቃል የመጣ ነው፣ ዝምድና የላቸውም። ለካርዱ አያስፈልግም። ያነበብኩት ከመቃብሩ ለመሸሽ ነው።

ፍቺውን "ጥልቅ እንቅልፍ" ብዬ ጻፍኩ። ስሙን ያወጡት አዋቂዎች እንቅልፍ መስሏቸው ከነበረ፣ እቤቱ ቁጭ ያለ ተራ ሰው ቢሳሳት ምን ይገርማል?

ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ቀለል አለኝ። ከዚያ አፈርኩ።

ሰኞ፣ 16

ሐኪሟን ኮሪደር ላይ አገኘኋትና ስለ ቃሉ ነገርኳት፤ ግሪኮቹን፣ ጣፋጩን እንቅልፍ፣ ሁሉንም። በትዕግሥት ሰማችኝ። መቼም እኔ ቃል ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም።

"እንቅልፍ ግን አይደለም" አለች። "የተኛ ሰው ሲቀሰቅሱት ይነቃል። ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው።"

ታዲያ ቤተሰብ እንዴት ይለየዋል አልኳት። ምነው ባልጠየቅኩ። አንዳንዱ ሕመምተኛ ራሱን እየሳተ ሲሄድ በኃይል ያንኮራፋል አለችኝ፤ ምላሱ ወደ ኋላ ስለሚወድቅ ነው። ቤተሰብ ደህና እንቅልፍ ወሰደው ብሎ ይተወዋል። ሰው እንዳይረብሸው በሩን የሚዘጉም አሉ። በዚህ መንገድ ያጣናቸው ብዙ ናቸው አለች።

አመስግኛት ሄድኩ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ፤ ደግሜ ታጠብኩ።

ሐሙስ፣ 19

የእህቴ ልጅ ወስናለች። በሌላ ከተማ ትልቅ ሆስፒታል አለ፤ የተሻለ መመርመሪያ አለው ብለዋታል። በአምቡላንስ የአስር ሰዓት መንገድ ነው። ሐኪሟ አልደገፈችም፤ ከነቱቦዋ ያን ያህል መንገድ ላትችለው ትችላለች፣ መሃል ላይ ብታልፍ ማንም ምንም አይረዳችሁም ብላ ነገረቻት። እሷ ግን እንደ እናቷ ናት፤ አንዴ ከያዘች አትለቅም።

"አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው እኮ፣ ጋሼ" አለችኝ። "በአንድ ሰዓት ተኩል ሰው እንዲህ አይጠፋም። የሆነ ያላዩት ነገር አለ።"

ጉዞው የዛሬ ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ነው። እኔም አብሬ እንድሄድ ቦታ ይዛልኛለች። እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ዓርብ፣ 20

አልነገርኳትም።

ቅዳሜ፣ 21

ልነግራት ሄጄ፣ ከእናቷ ራስጌ ተቀምጣ ጸጉሯን ስትሠራላት አገኘኋት። አልነገርኳትም።

እሁድ፣ 22

እዚህ እንኳ እየዋሸሁ ነው። ይህን ደብተር ማንም አያነበውም፤ ታዲያ ማንን ነው የምፈራው?

የጠፋው ካርድ በዚህ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ውስጥ ነው። እገለብጠዋለሁ።

"አንኮራፋ፦ ተኝቶ በአፍንጫና በጉሮሮ ሲተነፍስ ከፍተኛ ድምፅ አሰማ። ምሳሌ፦ ሴትዮዋ ከምሳ በኋላ ተኝታ በኃይል አንኮራፋች፤ ድምፁ እስከ ሌላው ክፍል ይሰማ ነበር።" ጥጉ ላይ፦ 8፡20።

ምሳሌውን አልፈጠርኩትም። ሴትዮዋ እትዬ ናት። አርባ ሰባት ዓመት ከእሷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስኖር አንድም ቀን ስታንኮራፋ ሰምቻት አላውቅም፤ እንቅልፏ እንደ ሕፃን ነው። ያን ቀን ሰማሁ። ገረመኝ። እንዴት ያለ የተመቸ ምሳሌ ነው ብዬ ጻፍኩት። ጽፌ ስጨርስ ግን ድምፁ አላሠራኝ አለ፤ ተነስቼ በሩን ዘጋሁት። ነፋስ የሚባል አልነበረም። ስዘጋው አላየኋትም እንኳ፤ እጄን ልኬ መያዣውን ሳብኩ እንጂ።

አስር ሰዓት ላይ ሻይ የሚባል ነገር አልጠየቅኋትም። አስር ሰዓት ላይ የሆነው፣ ድምፁ ቀነሰ። እሰይ፣ ተመስገን አልኩና ቀጣዩን ካርድ አነሳሁ።

ሰዓቱን ለምን ዋሸሁ? ሐኪሟ ስትጠይቀኝ ሦስት ሰዓት ከቤት ተቀምጬ ሳላያት ቀረሁ ማለት አቃተኝ። አፌ ራሱ አስር አለ። ከዚያ ተጻፈ።

ሰኞ፣ 23

አለቃ ለብቻዬ ጠራኝ። ስለጎደለው ካርድ ነው። ዕድሜው የአባቴ ነው፤ ሲቆጣ እንጂ ሲራራ አይቼው አላውቅም ነበር። "ከምሳ በኋላ የሠራኸው ሆኖ አፍረህ ይሆናል" አለኝ። "ሁላችንም እንሳሳታለን። አምጣውና አብረን እናስተካክለው።"

ይቅርታ ብዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ እንባዬ መጣ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ደረጃ ላይ።

ረቡዕ፣ 25

ነገርኳት።

ነገ ይወስዷታል፤ ከዛሬ ሌላ ቀን አልነበረኝም። ሆስፒታል ውስጥ፣ እናቷ ፊት፣ እንደማልችል አውቄ ወደ ሥራዋ ሄድኩ። የመስመሯ መጨረሻ ፌርማታ ላይ በዕረፍቷ ደረስኩ። አውቶቡሱ ባዶ ነበር። መሪው ላይ ተደግፋ ውሃ ትጠጣለች። ከኋላዋ ካለው ወንበር ተቀመጥኩና ካርዱን በትከሻዋ ላይ አሳልፌ ሰጠኋት። መናገር አልቻልኩም፤ በወረቀት ይሻለኛል።

አነበበችው። ደግማ አነበበችው። በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗን አየሁት፤ ወደ ሰዓቱ ጥግ ሄደ።

"ስምንት ከሃያ" አለች።

"አዎ። በሩንም የዘጋሁት እኔ ነኝ። አስር ሰዓት ላይ አላነጋገርኳትም።"

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ጩኸት ነበር የፈለግኩት። እሷ ግን ካርዱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ቀስ ብላ አወራች።

"እኔ የደወልኩት ስምንት ከሠላሳ አምስት ነው፣ ጋሼ። ዕረፍቴ ነው፤ በደቂቃ አውቀዋለሁ። ተኝታለች አልከኝ። ድምፁ በስልክ ይሰማኝ ነበር፤ በበሩ ውስጥ አልፎ። እማዬ ዛሬ ምን ሆና ነው የምታንኮራፋው እንኳ ብዬህ ስቀናል።"

ስቀናል። አሁን ትዝ አለኝ። ስቄ ነበር።

"ታዲያ ከመጀመሪያው ቀን ታውቂ ነበር" አልኳት።

ታውቅ ነበር። ያን ቀን ምሳ አብሬሽ እበላለሁ ብላ ቃል ገብታላት ነበር፤ እትዬ ብቻዋን ስትሆን እንደማትበላ፣ እኔም ካርድ ከያዝኩ ከማዕድ እንደማልቀርብ ሁላችንም እናውቃለን። ሳትሄድ ቀረች። የደወለችው ይቅርታ ልትጠይቅ ነው። ተኝታለች ስላት፣ ከቁጣዋ ተረፍኩ ብላ ተመስገን አለች። በኋላ ሐኪሟን አስር ሰዓት ስላት ውሸት መሆኑን እያወቀች ያዘችው፤ አስር ሰዓት እውነት ከሆነ እናቷ ትነቃለች፣ እኛም ሁለታችን ምንም አላደረግንም ማለት ነው።

"አንተ እስክትናገር እጠብቅ ነበር" አለች። "እንዳትናገርም እጸልይ ነበር።"

ከዚያ ሰዓቷን አየች። ዕረፍቷ አልቋል። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ በሩን ከፈተችና ሰዎች ገቡ። እኔ አልወረድኩም። አንድ ሙሉ ዙር አብሬያት ሄድኩ፤ እሷ ነዳች፣ እኔ ከኋላዋ ተቀመጥኩ። ፌርማታ አላለፋትም፤ አንዱንም።

ሐሙስ፣ 26

አምቡላንሱ ቀረ። ሁለታችንም ገብተን ለሐኪሟ ነገርናት። አልተቆጣችም። መዝገቡን ከፈተች፣ አስር የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከላዩ ስምንት ጻፈች። "እንግዲህ ሦስት ሰዓት አልፏል" አለች። ከዚያ ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ ነገረችን። የእህቴ ልጅ እጄን ያዘች። አጥብቃ።

በመጨረሻ፣ መርፌዎቹስ አልኳት።

"አያስፈልጉም ነበር" አለች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ 30

መስኮት ወዳለው ክፍል አዘዋወሯት። ቱቦው ወጥቷል፤ በራሷ ትተነፍሳለች፣ እስከምትችለው። የእህቴ ልጅ ከእንግዲህ ተነሽ አትላትም። የቀኑን ታወራላታለች፤ ማን ያለ ትኬት እንደተሳፈረ፣ ማን መሃል መንገድ ላይ አውርጂኝ እንዳላት።

ትናንት የስፌት መኪናዋን ድምፅ እናሰማት ብላ አሰበች። ማሽኑን መርገጥ እሷ አትችልም፤ እኔ እችላለሁ፣ ልጅ ሆኜ እትዬ አስተምራኛለች። ክር ሳላስገባ ተቀምጬ አስር ደቂቃ ረገጥኩ፤ እሷ በስልኳ ቀዳች። ያ ሁሉ ዓመት የጠላሁት ድምፅ። ስልኩን ከእትዬ ጆሮ ሥር አደረግነው። ፊቷ ላይ ምንም አላየሁም። አየሁ ብዬ አልጽፍም።

የኮማን ካርድ ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት። "እንቅልፍ የሚመስል፣ እንቅልፍ ያልሆነ፤ ሕመምተኛው ቢቀሰቅሱት የማይነቃበት የራስ መሳት ሁኔታ። ከግሪክ፤ በጥንት ጊዜ ከባድ እንቅልፍ ማለት ነበር።" ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጻፍኩት፤ አለቃ ምንም አይለውም።

ዓርብ፣ 4

ዛሬ ረፋዱ ላይ አረፈች። ሁለታችንም ነበርን። በሩ ክፍት ነበር።

ረቡዕ፣ 9

ሥራ ገባሁ። የጎደለውን ካርድ ለአለቃ ወሰድኩለት። ምሳሌውን አልነካሁም፤ ከሥሩ ግን ዛሬ ጠዋት አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ። "የማያንኮራፋ ሰው በኃይል ሲያንኮራፋ ከተሰማ ይቀስቀስ።"

አለቃ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ቀይ እስክሪብቶውን አነሳ። ሕጉን አውቀዋለሁና አንገቴን ደፋሁ። ለምን ይቀስቀስ እንዳልኩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እንደዚህ ደብተር ሳይሆን አጠር አድርጌ፤ በሦስት አረፍተ ነገር።

ከዚያ ቀዩን አስቀምጦ ጥቁሩን አነሳና ከሥሩ ፈረመ።

ካርዱን ወደ ሳጥኑ ሊያስገባ ሲል ጥጉን አየ። "ይህ ሰዓት እኮ የድሮው ነው" አለኝ። "ያሻሻልከው ዛሬ ጠዋት ነው። ላስተካክለው?"

"አይ" አልኩት። "ስምንት ከሃያ ይሁን።"